በጥቁሩ ድንጋይ ጥግ የተተከለ ድንኳን

ቆቦ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለደሳለኝ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። እኔ ደህና ነኝ። ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ «ከናፍቆትህ በቀር» ይላል፤ እኔ ግን ዘንድሮ ለናፍቆት የሚሆን ጊዜ አላገኘሁምና ይቅር በለኝ።

ግመልና መንገድ መሪ ፈልጊልኝ ብለህ የላክኸው ደብዳቤ በአውቶቡሱ ረዳት እጅ ደርሶኛል። ደጋግሜ አነበብሁት። መጀመሪያ የገባኝ አልመሰለኝም ነበር፤ ኋላ ሲገባኝ ደግሞ አላምን አልሁ። አዲስ አበባ ቪላ ቤት የሚኖሩ፣ ጠግበው የሚያድሩ ፈረንጆች ከዞብል ተራራ ማዶ ወደ በረሃው ወርደው፣ በጥንት ዘመን እሳት ሆኖ ፈስሶ በረጋው ጥቁር ድንጋይ ጥግ ድንኳን ተክለው ሊያድሩ፣ ቀን ቀን ደግሞ የድንጋዩን ዳር ይዘው በእግራቸው ሊዞሩ ይፈልጋሉ። ለምን ቢባል ለደስታ። ከዚያው በረሃ ያለው ሰው ደግሞ ልጁን አዝሎ፣ ሽማግሌውን ደግፎ ወደ እኛ እየወጣ ነው። መንገድ ላይ ሲተላለፉ ሰላም ይባባሉ ይሆናል።

አገሩ ለመንገደኛ ያስቸግራል ወይ ብለኻል። አያስቸግርም። ከአውራ ጎዳናው ዳር ያለው ሰው አብዛኛው ተነስቶ ለማስቸገር አቅም የለውም። የምግብ ቤቱን ነገርም ጠይቀኸኛል፤ አልዘጋሁትም። ሾፌሮች ዛሬም ይበላሉ። ወጥ ስሠራ በሩን እዘጋለሁ፣ ሽታው ደጅ ለተቀመጡት እንዳይደርስ።

የግመሉን ነገር ለአያ አራጌ አነበብሁለት። እናታችን ብትኖር ወንድሟን የፈረንጅ ጓዝ ጫኝ ልታደርገው ስታስብ ምን እንደምትልህ አንተው ገምት። ከግመሎቹ የቀሩለት ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ጎድናቸው ከሩቅ ይቆጠራል። እምቢ ይላል ብዬ ነበር። እሱ ግን «የእህቴ ልጅ ከጠየቀኝ እሄዳለሁ። በረሃውን አውቀዋለሁ» አለ። እቴ ሲቲማ መምጣትህን ስትሰማ ጊዜ ቤቷን በእበት ለቀለቀች። በልጅነትህ በጀርባዋ አዝላህ የኖረች ሚስቱ፣ ዛሬ እበቱን የምታቦካበት ውሃ ከየት እንዳመጣች ለእኔም አልነገረችኝ።

እህትህ ተናኜ


አዲስ አበባ፣ ጥር 3 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለእታለም ተናኜ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን በጣም ደህና ነኝ፤ ሥራዬም እጅግ ደህና ነው። ቁጣሽን እንደ ወሎ በርበሬ ለምጄዋለሁና አላቃጠለኝም።

አንድ ነገር ግን ላስረዳሽ። የፈረንጅ ደስታ እንደኛ ተቀምጦ መብላትና መጠጣት አይደለም። አየሩን፣ ዝምታውን፣ ሰው ያልነካውን ምድር ይፈልጋሉ። ያ እናንተ ፊታችሁን የምታዞሩበት ጥቁር ድንጋይ በእነሱ አገር ቢሆን አጥር ታጥሮለት፣ ጠባቂ ቆሞለት ይጎበኝ ነበር። ባለፈው ዓመት ለአስጎብኚ መሥሪያ ቤቴ መንገዱን ሳጠና ጫፉ ላይ ቆሜ አይቼዋለሁ። ሲፈስ ድንገት ቁም እንደተባለ ወንዝ ነው። ማዕበሉ ሳይቀር ደርቆ ቀርቷል። ከላዩ ሲሄዱበት እንደ ሸክላ ይንኳኳል፤ ደህና ጫማ ካልሆነም ሶሉን ይበላዋል። ማታ ከድንኳኑ በር ላይ ሆነው ሲያዩት ዓለም ገና እየተፈጠረች ይመስላል። የአገር ልጅ ሆነሽ ይህን አለማየትሽ ያሳዝነኛል።

ስለ ችግሩ የጻፍሽውን አንብቤያለሁ። እውነት ለመናገር እዚህ በጋዜጣ የዝናብ እጥረት ከሚል በቀር ሌላ አልወጣም። የገጠር ሰው ችግሩን ከፍ አድርጎ መናገር ይወዳል፤ አንቺም አብረሽ እየኖርሽ ለምደሽው ይሆናል።

አሁን አንድ ውለታ ልለምንሽ። ከጥምቀት በኋላ እናልፋለን። ከምግብ ቤትሽ ፊት የሚቀመጡትን ሰዎች ለዚያች ቀን ብቻ ወደ ገበያው ጀርባ እንዲሄዱ ብታስደርጊልኝ። እንግዶቼ ካሜራ ይዘዋል። እናንተ ዘንድ የምንወርድ አይመስለኝም፤ ጊዜ የለንም፣ የእንግዶቹም ሆድ ከአገራችን ምግብ ጋር አይስማማም። አያ አራጌ ግመሎቹን ከዞብል ግርጌ፣ መኪናው ከሚቆምበት ያቆይልን። እቴ ሲቲን ስመለስ እስማታለሁ በይልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ ደሳለኝ


ቆቦ፣ ጥር 27 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለደሳለኝ፣

ፈረንጇ ሴትዮ ቤትሽ ገብታ ምን አለችሽ ብለህ በችኮላ የጻፍሃት ቁራጭ ወረቀት ደርሳኛለች። ስለ ጤናዬ ለመጠየቅ ቦታ እንዳልበቃህ አይቻለሁ። ደህና ነኝ።

ስትሄዱ አይቻችኋለሁ። ሰዎቹን ወደ ገበያው ጀርባ አላስወሰድሁም። ሰው የቤት ዕቃ አይደለም፣ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ የሚገባ። አንተ የመኪናውን መስኮት ዘግተህ በቀጥታ ፊት ፊትህን እያየህ አለፍህ። እቴ ሲቲ ከደጃፌ ላይ ቆማ እጇን አወዛወዘችልህ፤ «አላየኝም፣ አቧራ ነው» አለች።

ስትመለሱ ግን መኪናውን ከፖሊስ ጣቢያው በር ላይ አቁመህ አጎትህን ልታሳስር ገባህ። ይህን ጊዜ ነው ሽበታሟ ፈረንጅ ወርዳ ወደ እኔ የመጣችው። መምህር ካሳው ሻይ ሊጠጣ ተቀምጦ ነበር፤ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነውና እሱ አስተረጎመልን። ሻይ ቀዳሁላት። አልጠጣችውም። ደጅ ያሉትን ስታይ ቆይታ ጠየቀችኝ።

«ምን አለች?» አልሁት።

«በዓሉ አልፏል አይደል ወይ፣ እነዚህ ሰዎች ስለምን ወደ ቤታቸው አልተመለሱም? ትላለች።»

«የምን በዓል?»

ካሳው ጠይቆ ነገረኝ። ስትሄዱ፣ ከወልድያ ጀምሮ በመንገዱ ዳር የተኙትን ሰዎች ምንድን ናቸው ብላህ ነበር። አንተ ለአስተርዮ ማርያም ንግሥ የሚሄዱ ምእመናን ናቸው፣ ደክሟቸው አርፈው ነው ብለሃታል። ጥቁሩ ድንጋይ ዘንድ በስንጥቁ ውስጥ የተቀመጡትን ስትጠይቅህ ደግሞ እረኞች ናቸው፣ ልማዳቸው ነው፣ ቀን ቀን እንዲህ ይቀመጣሉ ብለሃታል።

ደሳለኝ፣ ብዙ ውሸታም አውቃለሁ። ምግብ ቤት የያዘ ሰው ውሸታም አያጣም። የሚሞትን ሰው ግን ንግሥ ሄዷል ያለ ከአንተ በፊት አልገጠመኝም።

እኔም ለካሳው «እህል አጥተው ነው በላት» አልሁት። ነገራት። አለቀሰች። እንባዋን በንጹሕ መሐረብ ጠርጋ፣ ሻዩን ሳትቀምስ ወጥታ መኪና ውስጥ ገባች። እሷንም አላደነቅኋት። በዓይኗ ካየችው ይልቅ አንተ የነገርሃትን ማመን ቀሏት ነበርና።

አያ አራጌ የታሰረው የእንግዶችን ውሃ ሰርቆ ሸጧል ተብሎ ነው። ለማን ሸጠው? ለድንጋዩ? ክሱን የምታነሳበትን ወረቀት ቶሎ ላክ።

ተናኜ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 22 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለእታለም ተናኜ፣

መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ። ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ ምን ሥራ እንደሆነ ሌላ ጊዜ አጫውትሻለሁ።

አንቺ የምታውቂው ከሻይ ቤት በር የሚታየውን ነው። እኔ የነበርሁበትን ቦታ አላየሽም። ሰፈራችን ከድንጋዩ ግርጌ ነበር። ጀሪካኖቹን ለአያ አራጌ አደራ ሰጥተን እኛ ጠዋት የድንጋዩን ጫፍ ይዘን ሄድን። ድንጋዩ ከሰዓት በኋላ እንደ ምጣድ ይግላል። ከላይም ከታችም ተጠብሰን፣ አንዱ እንግዳ ራሱን ስቶ ተደግፎ ስንመለስ ጀሪካኖቹ ባዷቸውን ተደርድረዋል። አጎታችን ደግሞ ከግመሉ ጥላ ሥር ተቀምጦ ያየናል። በበረሃ ውሃ ያጠፋ ነፍስ አጥፍቷል። እንግዶቹ አንዱ ቢሞትብኝ የምጠየቀው እኔ ነበርሁ። ጉዟችን በዚያው ተቋረጠ። እሱ ካልተከሰሰ እኔ ልከሰስ ሆነ። ይህን የማያውቅ ሰው መፍረድ ይቀለዋል።

ክሱን አንሳ ያልሽው ቀላል አይደለም። ነገሩ ከእጄ ወጥቷል። ለተራቡ ሰዎች ሰጥቶ ነው ብዬ ብጽፍ፣ ረሃብ አለ ብዬ በመሥሪያ ቤት ማኅተም መሰከርሁ ማለት ነው። ያን ቃል ጽፎ እንጀራው ላይ የሚቆይ ሰው እዚህ የለም። ንግሥ ያልሁትም ለዚሁ ነው። አስተርጓሚ የሚከፈለው እንግዳ ደስ ብሎት እንዲመለስ ለማድረግ ነው፤ ሁሉን እንዳየው ቢያወራ ማንም አይቀጥረውም።

ደግሞስ አንቺ በሩን ዘግተሽ ወጥ የምትሠሪ አይደለሽም እንዴ? እኔ የመኪና መስኮት ዘጋሁ፣ አንቺ የቤት በር ዘጋሽ። ልዩነታችን የእንጨትና የመስታወት ነው።

አያ አራጌን ትንሽ ጊዜ ይታገስ በይው። እስር ቤት ቢያንስ ጥላ አለው።

ደሳለኝ


ቆቦ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለደሳለኝ፣

አዎ፣ በሩን እዘጋለሁ። ደብቄህ አላውቅም፤ የነገርሁህ እኔው ነኝ። ከዘጋሁ በኋላ ግን ከደጄ ያለው ሰው ንግሥ ሄዷል ብዬ ለማንም አልተናገርሁም። የቻልሁትን ያህል ንፍሮ ቀቅዬ አወጣለሁ፤ አይደርስም። ያልደረሳቸው ሲናገሩኝም እሰማለሁ። አንተ ግን እንጨትና መስታወት እያልህ ቃል ታማርጣለህ። ትምህርት ቤት ያስገባንህ ለዚህ መሆኑን ብናውቅ በሬ ጠምደህ በቀረህ።

እስር ቤቱ ጥላ አለው ላልኸው፣ አለው። ጣሪያው ዝቅተኛ ነው፣ ሰዉም እንደ ማገዶ ተከምሮበታል። ስንቁን እኔ አደርሳለሁ። አያ አራጌ ግማሹን አብረውት ላሉት ያካፍላል። ብቆጣውም አይሰማኝም።

እንዴት እንደሆነ ጠየቅሁት። ከድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ጥላ ፍለጋ የገቡ ሴቶችና ሽማግሌዎች ነበሩ። ከብቶቻቸው በደረቀው የውሃ ጉድጓድ ዙሪያ አልቀዋል። ወንዶቹ ውሃ ፍለጋ ወጥተው አልተመለሱም። ሴቶቹ የድንኳኑን ሸራ ከሩቅ አይተው የመንግሥት ሰው መጣልን ብለው እየዳኹ ወረዱ፤ የተገናኙት ግን ከታጣፊ ወንበርና በቆርቆሮ ከታሸገ ኮክ ጋር ሆነ። አያ አራጌም እንግዶቹን እስከ መኪናው የሚያደርሳቸውን ውሃ ግመሉ ላይ አስቀርቶ፣ የቀረውን ቀዳላቸው። ባዶዎቹን ብቻ ቆጥረህ ሙሉውን ሳትጠይቅ ጮህህ።

«ለምን አስቀድመህ አልነገርኸውም?» አልሁት።

«ነገርሁት እንጂ» አለኝ። «ጠዋት ሳይወጡ ጠርቼ አሳየሁት። ‹አያ፣ አይተህ እንዳላየህ ሁን› አለኝ። እሱ አላየሁም አለ፣ እኔ አየሁ አልሁ። ከዚህ ሌላ ጠብ የለንም።»

ይህን በደብዳቤህ አላገኘሁትም። ከእግር ጉዞው ድካም የተነሳ ተረስቶህ ይሆናል።

ዳኛው ከሳሹ መጥቶ ካልተናገረ ወይም ክሱን ትቻለሁ ብሎ ካልጻፈ አልለቅም ብለዋል። ረሃብ የሚለውን ቃል እንድትጽፍ አልጠየቅሁህም። ፈርተኸው እንደምትኖር ገብቶኛል። «ትቻለሁ» ብለህ ብቻ ጻፍ። እስር ቤቱ ውስጥ ተስቦ ገብቷል።

ተናኜ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 10 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለእታለም ተናኜ፣

በክረምቱ የላክኋቸው ደብዳቤዎች መልስ አላገኙም። ጎርፍ መንገድ ቆርጦ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናንቻለሁ። እንደምን አለሽልኝ? እኔ በጣም ደህና ነኝ።

ደስ የሚል ዜና አለኝ። ነገሩ ሁሉ ተለውጧል። የወሎ ነገር በውጭ አገር ቴሌቪዥን ከታየ ወዲህ እዚህም በግልጽ ይወራል፤ አሁን ረሃብ ማለት ይቻላል። ሹማምንቱ ራሳቸው እያሉት ነው። መሥሪያ ቤታችንም አገር አስጎብኚነቱን ለጊዜው ትቶ ለእርዳታ ሰጪዎች መኪናና አስተርጓሚ እያቀረበ ነው። አገሩን የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ ማን የሚጠራ ይመስልሻል? የራያን ቆላ ሰዎች ሁኔታ ቀደም ብሎ በዓይኑ ያየ ተብዬ ስሜ ለኮሚቴው ቀርቧል። ይህም ሐሰት አይደለም፤ አይቻለሁ።

በሚቀጥለው ወር ስንዴ ይዘን ቆቦ እንመጣለን። ከአንቺ የምፈልገው ጥቂት ነው። ስለ እኔ የሚጠይቅ ቢኖር፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ስለ ወገኑ ይጽፍልኝ ነበር በይ። ስጽፍልሽ ነበርና።

ስለ አያ አራጌ፣ ክሱን መተዌን የሚገልጸውን ወረቀት ልኬያለሁ። ትንሽ ዘግይቷል፤ ያን ጊዜ ሰዓቱ አልነበረም። እስካሁን ተፈትቶ ይሆናል። ከተፈታ አብሮኝ ይቁምና ኮሚቴውን ወደ ጥቁሩ ድንጋይ ይምራ። ያኔ ያየናቸው ሰዎች እዚያው ካሉ ከድንጋዩ ፊት ቢነሱ ልብ የሚነካ ፎቶግራፍ ይወጣቸዋል። ለእሱም ስም ይሆንለታል፤ የቀድሞውን ቅሬታ በዚያ እንዘጋዋለን።

እቴ ሲቲን ሳሚልኝ። በዚህ ጉዞ ሳላያት አልመለስም።

ወንድምሽ ደሳለኝ


ቆቦ፣ ጥር 6 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለደሳለኝ፣

ቆቦ ድረስ መጥቼ ስለምን ብቅ አላልሽም፣ ቤትሽ ባስጠራሽም የለችም አሉኝ፣ የእናት ልጅ እንዲህ ይጨክናል ወይ ብለኻል። እመልስልሃለሁ። ከዚያ በፊት ያላወቅኸውን ልንገርህ።

አያ አራጌ በሐምሌ ሞተ። ተስቦው ነው። ሼህ ሸረፈዲን አሰገዱበት፤ የተቀበረውም እኔ፣ እቴ ሲቲና ካሳው የሰበሰባቸው ጥቂት ሰዎች ባለንበት ነው። ክሱን ትቻለሁ ያልኸው ወረቀት ከመስቀል በኋላ ደረሰ። ጸሐፊው ከበሩ ላይ ቆሞ «አራጌ! ተለቀሃል!» ብሎ ጮክ ብሎ ተጣራ፤ አዲስ ሰው ነበርና አላወቀም። እኔ ስንቅ ላቀብል ቆሜ ሰማሁት። ያን ዕለት ስንቁን የወሰድሁት አብረውት ታስረው ለነበሩት ነው። አደራ ብሎኝ ስለነበር እስከ ዛሬም አላቋረጥሁም።

መርዶ ለዘመድ ይነገራል። ስንት ጊዜ ልጽፍልህ ተነስቼ፣ ለማን እንደምጽፍ ግራ እየገባኝ ተውሁት። አጎቱ ለሞተበት ለእህት ልጅ ነው ወይስ ለከሳሹ? አሁንም አልለየልኝም።

አሁን የጠየቅኸኝን ልመልስ። ስንዴውን ያደላችሁ ዕለት ቤት ያልነበርሁት ሰልፍ ላይ ስለነበርሁ ነው። እቴ ሲቲ ብቻዋን መቆም ስላቃታት ደግፌያት ነበር። እኔ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤያለሁ። አንተ ከከረጢቱ አጠገብ ቆመህ በጣሳ ትሰፍራለህ፤ ከጎንህ ካሜራ የያዘ ፈረንጅ አለ። ተራዋ ደረሰና ኩታዋን ዘርግታ ቀረበች። ፊቷን ቀና ብላ አየችህ። አንተም አየሃት። አንድ ጣሳ ገለበጥህላትና፣

«ቶሎ በይ እማማ፣ ከኋላሽ ሰው አለ» አልሃት።

ከኋላዋ የነበርሁት እኔ ነኝ። ከስታለች፣ ፀጉሯም ረግፏል፤ ይህን አልክድልህም። ሌላ ሰው ባያውቃት አልፈርድም። ጀርባዋ ላይ ያደገ ልጅ ግን አያውቃትም ብዬ አላስብም ነበር።

ስምህን ልጠራ አፌን ከፈትሁ። ኃይል የላትም ስል እጄን አጥብቃ ያዘችኝና ወደ ዳር ሳበችኝ። የእኔ ተራ በዚያው አለፈ።

«ደሳለኝ እኮ ነው» አለችኝ።

«አውቄያለሁ። ልንገረው እንጂ» አልኋት።

«ተይው። ካወቀኝ ያፍራል።»

ከዚያ ስለ አንተ ሌላ አልተናገረችም። ስንዴዋን በኩታዋ ቋጥራ፣ እኔን ተደግፋ ወደ ቤቷ ገባች። አሁን ከእኔ ጋር ናት፤ ትንሽ ትንሽ መብላት ጀምራለች። ማታ ማታ ለአያ አራጌ ዱዓ ስታደርግ አንተንም ትጨምርሃለች።

ሌላ ስንዴ ካለ አምጣ፤ ሰዉ ይቀበልሃል፣ ስምህን አይጠይቅም። ወደ እኔ ግን ሰው አትላክ፣ ለኮሚቴህም ምስክር አታድርገኝ። አንተ ማፈር መቻልህን እኔ እንጃ፤ ያፍራል ያለችው እሷ ናት። እቴ ሲቲ ዋሽታ አታውቅም። በእርጅናዋ አታስዋሻት፤ እፈር።

ተናኜ